ምላሰኛዋ

ሰው ሲደነግጥ «ዓይኔን አላመንኩም» ይላል። እኔ የማላምነው ምላሴን ነው። እናቴ ከሞተች በኋላ ወራት ሙሉ ዋሽቶኛል፤ እኔም አምኜው፣ ጠግቤ፣ ጣቴን እየላስኩ ኖሬአለሁ። ነገሩ የአንድ ከረጢት ሽሮ ነገር ነው። ለማውራት ግን ዓመታት ፈጅቶብኛል።

«ምላሰኛ» ብላ ስም ያወጣችልኝ ራሷ እናቴ ናት። ቃሉ በቤታችን ሁለት ሥራ ነበረው። አንደኛው ሰው ሁሉ የሚያውቀው ነው፤ ለአንድ ቁጣ ሦስት መልስ ስለምሰጥ። ሁለተኛው የኛ ቤት ብቻ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ከዋናው መንገድ ጀርባ በነበረችው የቀበሌ ቤታችን፣ እናቴ በርበሬና ሽሮ እያዘጋጀች ለሰው ታስረክብ ነበር። በሰፈሩ ካሉት መሥሪያ ቤቶች የሚወጡ ሴቶች በምሳ ሰዓት እየመጡ ይወስዱላታል። አዲስ ሽሮ ባስፈጨች ቁጥር ትንሽ ትሠራና በማንኪያ ወደ አፌ ታመጣዋለች።

«እስቲ ምላሰኛዋ፣ ምን ጎደለው?»

«ኮረሪማ።»

«ጎሽ የኔ ልጅ!»

በአምስት ዓመት የምትበልጠኝ እህቴ በዚህ ጊዜ አጠገባችን አተር እየለቀመች ትሆናለች። የምትለቅመው፣ የምትቆላው፣ የምትከካው እሷ ናት። እኔ ቀማሽ ነበርኩ። እንዲህ ያለ ሹመት በአንድ ቤት ውስጥ ሲሰጥ ያልተሾመው ሰው ምን እንደሚሰማው ያኔ አንድም ቀን አላሰብኩም። እህቴን «እታለም» እያልኩ ነው ያደግሁት፤ እሷም እንደ ስሙ ስታሳድገኝ ኖረች።

«ሽሮ ሁሉ ዱቄት ነው፤ የሰው የሚያደርገው ምጥኑ ነው» ትል ነበር እናቴ። ምጥን ማለት በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ፣ በሶብላው ከአተሩና ከሽምብራው ጋር በስንት በስንት እንደሚገናኝ ነው። በቤታችን ሚዛን አልነበረም። ሚዛኗ እፍኟ ነው። እፍኟ ደግሞ የማንም እፍኝ አልነበረም፤ ትንሽ ሴት ስለነበረች የጎረቤት ሴቶች ምጥኗን ጠይቀው «ሦስት እፍኝ» ስትላቸው ሄደው ይሠሩና ይበላሽባቸዋል። ይኼ በጣም ያስቃት ነበር።

ወፍጮ ቤቱ ወደ ቂርቆስ ስንወርድ ነበር። እህል አስረክቦ ዞር ማለት ብሎ ነገር እሷ ዘንድ የለም። ዱቄት እየለበሰች እዚያው ትቆማለች፣ እኔንም ታቆመኛለች። ከፊታችን ሌላ ሰው አስፈጭቶ ከነበረ፣ ከኛው እህል የመጀመሪያውን እፍኝ አስፈጭታ ታስደፋዋለች። ባለ ወፍጮው ይናደዳል።

«ኧረ እትዬ፣ ሽሮ ከሽሮ ጋር ቢነካካ ምን ይሆናል?»

«የሰው አልፈልግም። የኔንም ለሰው አልሰጥም።»

የሱቅ ሽሮንማ ስሙን ስትጠራው እንኳ አፍንጫዋን ትነፋለች። «የማንም አይደለም እኮ» ትላለች። ስድቧ ይኸው ነው፤ መጥፎ ነው አትልም፣ የማንም አይደለም ትላለች።

እውነቱን መናገር ካለብኝ፣ ያን ጊዜ ሽሮውን ብወደውም ሽታውን አፍርበት ነበር። የደብተር ቦርሳዬ፣ ዩኒፎርሜ፣ ፀጉሬ ሳይቀር የተቆላ በርበሬ ይሸታል። ክፍል ውስጥ «በርበሬ መጣች» እያሉ ያስነጥሱብኝ ነበር። ከዚያ ሽታ መውጣት ነበር የምፈልገው። ጥሩ ትምህርት ስማር፣ ስኮላርሺፕ ሳገኝ፣ ሻንጣዬን ስዘጋ፣ በልቤ የምሸሸው ሌላ ምንም አልነበረም። ሚሊኒየሙን አክብረን በዓመቱ ወደ ህንድ ሄድኩ።

እናቴ ሽሮውን በላስቲክ ደርባ ካሰረች በኋላ በአቡጀዲ ከረጢት ከታ አፉን በቀይ ክር ሰፋችው። «እንዳይከፍቱብሽ» አለች። አቡጀዲ በክር ስለተሰፋ ማን ይፈራዋል? እሷ ግን የሰፋችው ነገር የሚፈታ አይመስላትም ነበር።

ህንድ ውስጥ የቅመም አገር ሰው ነሽና አይከብድሽም ሲሉኝ ነበር የሄድኩት። ምግቡ ያቃጥላል፤ ግን የሚያቃጥለው በሌላ በኩል ነው። ምላሴን ትቶ ጉሮሮዬን ይይዘኛል። ከምግቡ በላይ ያስቸገረኝ ግን የዩኒቨርሲቲው ምግብ ቤት ኃላፊ ነበር። ሁላችንም «አንክል» የምንለው፣ ቦርጫም፣ ደብተሩን ከብብቱ የማይለይ ሰውዬ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ጠራኝና ጠየቀኝ።

«ቬጅ ነሽ ነን-ቬጅ?»

«ሁለቱንም ነኝ» አልኩት። «ረቡዕና ዓርብ ቬጅ ነኝ። በሌላው ቀን ሥጋ እበላለሁ።»

«እንደዚህ የሚባል ሰው የለም።»

«እንዴት የለም? ይኸው ቆሜአለሁ!»

ሰው ሥጋ ወይ ይበላል ወይ አይበላም፤ ማንነቱ ነው፣ ከቤተሰቡ የወረሰው ነው፣ በሳምንት ሁለቴ አይገለበጥም አለኝ። የቬጆቹን አረንጓዴ ካርድ ሰጠኝ። ረቡዕ በአረንጓዴው ካርድ ስሄድ ደግሞ ቅቤ የተቀባ ቂጣና በወተት የተሠራ ነገር አቀረበልኝ። ወተት አይሆንም ስለው ሳቀ። ለነሱ ወተት ቬጅ ነው። የነሱ ጾም የኛ ፍስክ ሆኖ አረፈው። ደረቅ ሩዝ ይዤ ጥግ ተቀመጥኩና አለቀስኩ።

ይኼን ሳስብ ዛሬም ራሴን እታዘበዋለሁ። አገሬ ሳለሁ ሁዳዴን ከግማሽ በላይ ጾሜ አላውቅም። ካዛንቺስ ከትምህርት ቤት ስመለስ በጾም ሳምቡሳ በሥጋ ተደብቄ የበላሁ ሰው ነኝ። እዚያ ግን ጥብቅ ጿሚ ወጣኝ። እምነት አልነበረም፤ አንክል ደብተር ውስጥ የማልገባ ሰው መሆኔን በየሳምንቱ ማሳየት ነበር። ናፍቆት ሰውን ጻድቅ ያስመስለዋል።

የእናቴ ሽሮ ያዳነኝ ያን ጊዜ ነው። ማደሪያ ክፍል ውስጥ ምግብ መሥራት ክልክል ነበር። ቢሆንም ከአልጋዬ ሥር አንዲት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ ነበረችኝ። በር ስር ፎጣ ወትፌ ሽሮ እሠራና በሩዝ፣ ሲገኝም በቂጣ እበላለሁ። ልብሴ ይሸታል። ያ ትምህርት ቤት ያፈርኩበት ሽታ አሁን የሹራቤን እጅጌ እየጎተትኩ የማሸተው ሆነ። አብራኝ የምትበላው የአዲስ አበባ፣ የላንቻ ሰፈር ልጅ ነበረች፤ ማደሪያው ውስጥ የነበርነው ሁለት ሐበሾች እኛ ነን። እሷ ስትበላ እኔ አወራለሁ።

«ዓይኔን ሸፍነሽ አሥር ሽሮ አቅምሺኝ። የእማዬን ነጥዬ ካላወጣሁልሽ ስሜን ቀይሪው!»

«በቃ እሺ፣ አመንኩሽ። ብዪ» ትለኛለች።

ይኼን ስንት ጊዜ እንዳልኩት አላውቅም። የምኮራበት ሌላ ነገር አልነበረኝም። ቋንቋዬን የሚሰማ የለም፣ አገሬን ካርታ ላይ የሚያውቃት የለም፣ ውጤቴም መካከለኛ ነበር። እኔ ማለት የዚያችን ሴት እጅ በምላሷ የምታውቅ ልጅ ማለት ነበርኩ። በዓመት ሁለቴ በሰው ሰው የሚመጣው ከረጢት፣ በቀይ ክር የተሰፋው፣ መታወቂያዬ ነበር።

በሦስተኛው ዓመት፣ ጥቅምት ላይ፣ እናቴ ስልክ ማንሳት አቆመች። የምታነሳው እህቴ ሆነች። መጀመሪያ «ትንሽ አሟት ተኝታለች» አለችኝ። ቀጥሎ «ድምጿ ተዘግቷል፣ ሐኪም አታውሪ ብሏታል» ሆነ። ከዚያ ጸበል ገባች። ጸበል ስልክ አይፈቀድም። ኅዳርም ጸበል፣ ታኅሣሥም ጸበል። ሐበሻ ነኝና ይኼን ዜማ አውቀዋለሁ። ውጭ አገር ላለ ሰው ሞት በስልክ አይነገርም፤ ተምሮ እስኪጨርስ፣ ተመልሶ እስኪመጣ፣ ሰው አጠገቡ እስኪኖር ይደበቃል። እኛም ሰፈር ለስንቱ ደብቀናል። ዓረብ አገር ላለች ለአንዲት የጎረቤት ልጅ አባቷ ከሞቱ በኋላ «ደህና ናቸው» እያልኩ በስልክ የዋሸሁት ራሴ ነኝ።

ታኅሣሥ ማለቂያ ላይ ለላንቻዋ ልጅ ነገርኳት። የወንድሟን ሠርግ ልትበላ ወደ አዲስ አበባ እየሄደች ነበር።

«እናቴ ሞታ ይሆን?»

«ኧረ ክፉ አታስቢ! እንዲያውም ቤታችሁ ሄጄ አያታለሁ» አለችኝ።

ሠርጉን በልታ ጥር መጨረሻ ላይ ተመለሰች። ገና ከበር «እናቴስ?» ሳልላት ሻንጣዋን ከፍታ ከረጢቱን አወጣችው። «ይኸው፣ ሽሮሽ» አለች። ስለ እናቴ አንድም ነገር አላለችም። እኔም አልጠየቅኋትም፤ ምክንያቱም ሽሮው መጥቷል። የሞተ ሰው ሽሮ አይልክም።

ከረጢቱ አቡጀዲ አልነበረም፤ ላስቲክ ነው። ቀይ ክር የለውም፤ ቡናማ ፕላስተር ተጠምጥሞበታል። አየሁት። አይቼም «አውሮፕላን ማረፊያ ከፍተው ፈትሸው አሽገውታል» ብዬ ለራሴ መልስ ሰጠሁ። ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የመለስኩት።

ከአሮጌው ሽሮ በጠርሙስ ውስጥ ሦስት ማንኪያ ያህል ቀርቶኝ ነበር። ለክፉ ቀን ብዬ ስሰስትለት የቆየሁት ነው። አዲሱ መጣ፣ ክፉው ቀን አለፈ ብዬ ገለበጥኩና አዲሱ ላይ ደፋሁት። ወፍጮ ቤት የሰው እንዳይነካኝ ብላ ዱቄት ለብሳ የምትቆመው የዚያች ሴት ልጅ ሆኜ፣ በገዛ እጄ ቀላቀልኩት።

ያን ቀን ሠራሁና ለሁለታችን በሰሃን አቀረብኩ። በመጀመሪያው ጉርሻ ዓይኔን ጨፈንኩ። እሷ ናት! ኮረሪማው፣ በሶብላው፣ ከኋላ ቀስ ብላ የምትመጣዋ ዝንጅብል፣ ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው። «አለች! እማዬ አለች!» ብዬ ጮኽኩ። ጓደኛዬ አንገቷን ደፍታ ትበላለች። እንደ ሁልጊዜዋ «ብዪ» አላለችኝም። በልታ ስትጨርስ ሰሃኖቹን ሰበሰበችና ልታጥብ ወጣች፤ እስክትመለስ ብዙ ቆየች። በማግስቱ እህቴ ጋ ደወልኩ።

«እታለም፣ ሽሮው ደረሰ!»

«ቀመስሽው?» አለች። ድምጿ ቀጥኖ ነበር።

«ቀመስኩት እንጂ! የዛሬውስ ከሁሉም ይበልጣል። ታማም እጇ አልተበላሸም። እጇን ሳሚልኝ።»

ዝም አለች። ዝም ያለችው ረዥም ስለነበር «ሃሎ? ሃሎ?» አልኩ። ኔትወርክ ነው ብዬ ነው። በመጨረሻ «እሺ» አለችና ዘጋችው። እኔ ደስ ብሎኝ ክፍል ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ጸበል ስትለኝ ጸበል፣ ሱባኤ ስትለኝ ሱባኤ፣ ገጠር ስትለኝ ገጠር፣ ሁሉንም እሺ አልኩ። ሽሮውን እስከ ሰኔ በላሁት። የመጨረሻውን ከላስቲኩ ጥግ በጣቴ ጠርጌ ነው የላስኩት።

ተመርቄ ስመለስ ቦሌ የተቀበለችኝ እህቴ ቀይ ሹራብ ለብሳ ነበር። የሷ እንዳልነበረ እጅጌው ይናገራል፤ ከጎረቤት ተውሳ ነው፣ ጥቁሯን አውልቃ። እናቴስ ስላት «ጸበል ናት አልኩሽ እኮ፣ ነገ እንሄዳለን» አለች። ቤት ገባን። እናቴ አልጋ ላይ አዲስ አንሶላ ተነጥፏል። ቤቱ ምንም አይሸትም። በርበሬ አይሸትም፣ ሽሮ አይሸትም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸሸው የኖርኩት ሽታ ጠፍቶ ቁጭ ብሏል። አፍንጫዬ ከምላሴ ይሻላል፤ እሱ ያኔውኑ ነግሮኝ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አጎቴ፣ የእድሩ ሰዎችና የሰፈሩ ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ አልጮኽኩም። ሴቶቹ ስለ እኔ ጮኹልኝ።

ጥቅምት አሥራ አምስትን ሳታይ ነው የሞተችው። አርባዋን አውጥተዋል፣ መንፈቋን አውጥተዋል። አጎቴ «የመጨረሻ ዓመትሽ ነው፣ ትምህርትሽን ጥለሽ እንዳትመጪ ብለን ነው፤ የሷም ምኞት ምረቃሽ ነበር» አለኝ። ሰው ሁሉ ራሱን ነቀነቀ። የሞተ ተጎዳ አሉ። እኔም ተስማማሁ መሰለኝ።

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ለቀስተኛው ቀለል ሲል እህቴን ማድ ቤት አገኘኋት። የለቀስተኛ ሳህን ታጥባለች፤ ጥቁሯን መልሳ ለብሳለች። አንድ የምጽናናበት ነገር ነበረኝና እሱን ላካፍላት ፈለግሁ።

«እንኳንም ሽሮዬን ሠርታልኝ ሞተች» አልኳት። «በሕመሟ ላይ ሆና፣ አስቢው። እኔ ስበላው የነበረው የመጨረሻ እጇን ነው።»

እጇ ውኃው ውስጥ ቆመ።

«የቱን ሽሮ?»

«በጥር ወር የላክሽልኝን ነዋ።»

«እሱ የሱቅ ነው» አለች።

አልገባኝም። ደገመችልኝ፤ መስቀል ፍላወር ካለ ሱቅ፣ ታሽጎ ከተደረደረው፣ አንዱን አንስታ መግዛቷን። ፕላስተሩን የጠመጠመችውም እሷ ናት። ንዴቴ ከሐዘኔ ቀድሞ መጣ፤ ምላሰኛ አይደለሁ።

«ደግሞ በሽሮዋ ታታልዪኛለሽ? በሌላው ሁሉ ዋሽታችሁ ሲያበቃ፣ በሽሮዋ?»

«ላታልልሽ አይደለም።» እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ዞረች። «አጎታችን መስቀል አስመትቶ አስምሎኝ ነበር፣ በአፍሽ እንዳትነግሪያት ብሎ። በአፌ አልነገርኩሽም። እኔ የእማዬን ምጥን አላውቅም? ስንት ዓመት ማን ሲቆላ ማን ሲከካ ኖረ? ብፈልግ ቁርጥ የሷን አድርጌ እልክልሽ ነበር። የጎረቤታችን እትዬም እንሥራላት ብለው ለምነውኛል። እምቢ ያልኩት እኔ ነኝ። ሆን ብዬ የማንም ያልሆነውን ፈልጌ ገዛሁልሽ። ቀይ ክር ተውኩ፣ አቡጀዲውን ተውኩ። ይቺ ምላሰኛ አንድ ጊዜ ከቀመሰችው ታውቀዋለች፣ እማዬ የሱቅ ሽሮ በሕይወቷ እንደማትልክ ታውቃለች፣ ትደውላለች፣ ቢያንስ በስልክ አብረን እናለቅሳለን ብዬ ነው። ከአርባው በኋላ ሰው ሁሉ ወደ ቤቱ ሄደ እኮ። ብቻዬን ነበርኩ። ስልኩን ታቅፌ ነው የጠበቅሁሽ።»



«ደወልሽ» አለች። «ደውለሽ ከሁሉም ይበልጣል አልሽኝ። እጇን ሳሚልኝ አልሽኝ።»

ተመልሳ ወደ ሳህኖቿ ዞረች።

የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው ይባላል። እኔ የባሰ ነኝ፤ የቧንቧ ውኃ ጠጥቼ አባይ ነው ብዬ የማልኩ ነኝ። ምላሴ ያን ቀን የቀመሰው የላስቲኩን ሽሮ አልነበረም፤ የምፈልገውን ነው የቀመሰው። ስለ ሦስቱ ማንኪያ፣ ስለ ቀላቀልኩት፣ ለእህቴ እስከ ዛሬ አልነገርኳትም። ምናልባት እውነትም የእናቴ ጣዕም እዚያ ውስጥ ነበረ፣ ምናልባት እሱን ነው የለየሁት ብዬ ለራሴ እነግረዋለሁ። ከአንድ ከረጢት ውስጥ ሦስት ማንኪያ። ማመካኛ መሆኑን እኔም አውቃለሁ፤ እሷ ፊት ማመካኛ ይዤ መቅረብ አፈርኩ።

የላንቻዋን ልጅ ከዚያ በኋላ አላገኘኋትም። ላንቻ በሄድኩ ቁጥር ታክሲ ውስጥ አጎነብሳለሁ። ቤታችን ሄዳ ሁሉን ሰምታ፣ መጥታ ከኔ ጋር ያንን ሽሮ የበላችው ለኔ ብላ ነው፤ እኔ ግን ይቅር ያላልኳት እሷን ነው፣ ይቀለኛልና።

የእናቴን ሥራ የያዘችው እህቴ ናት። ሴቶቹ አሁንም በምሳ ሰዓት ይመጣሉ፤ «ቁርጥ የእናትሽ እጅ» ይሏታል። እኔ እሑድ እሑድ እሄዳለሁ። ከሌላው ሰው እኩል ታቀርብልኛለች፣ ከሌላው ሰው እኩል እበላለሁ፣ «እጅሽ ይባረክ» እላለሁ። አዲስ ሽሮ ስታስፈጭ ድስቱ ላይ ጎንበስ ብላ፣ በማንኪያ ጫፍ ራሷ ቀምሳ፣ ራሷ ታስተካክላለች። እኔ እዚያው አጠገቧ ተቀምጬ አያታለሁ። ከዚያን ቀን ወዲህ አንድም ጊዜ «ምን ጎደለው?» ብላ ጠይቃኝ አታውቅም።